የእናቴ ወንበርና ማንነቱ ያልታወቀው ግለሰብ

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ወንበርዎ ባለበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ፋይላችን የከበደ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ወገብዎን እንዳያምዎ፣ ጉልበትዎን እንዳይቆረጥምዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆመው እንዳይውሉ እጸልያለሁ፤ ቆሞ መዋል ምን እንደሚመስል በኮሪደርዎ ውስጥ ደጋግሜ የቀመስኩት ነገር ስለሆነ እንኳን ለእርስዎ ለጠላቴም አልመኘውም።

እኔ ጫኝና አውራጅ ነኝ። ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃውን በጀርባዬ አዝዬ ከአንዱ ደረጃ አውርጄ በሌላው የማወጣ ማለቴ ነው። ሰፈሩ «ክሬን» ብሎ ይጠራኛል፤ ስሙን ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ነገር ግን ሰው ሁሉ ተስማምቶበታል። ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ብቻዬን አራተኛ ፎቅ ሳወጣ መስታወቱ እንኳ አልተነቃነቀም። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ የማታ ትምህርት ተከታትዬ ማንበብና መጻፍ ችያለሁ። መምህራችን በመጨረሻው ዕለት «ሁላችሁም አንደኛ ናችሁ» ብላን ነበር፤ ይህን ስትል ግን ዓይኗ ያረፈው እኔ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለው እንዳይደክሙ፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ የራሴ ነው።

የምጽፍልዎ በእህቴ ቤት መተላለፊያ ላይ፣ በተጠቀለለና በገመድ በታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነው፤ መቀመጥ ካሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍና ብድግ እላለሁ፤ በር ድረስ ሄጄ መንገዱን አይቼ እመለሳለሁ፤ ገመዱ እንዳልላላ እነካካዋለሁ፤ ደግሞ ቁጭ እላለሁ። ከጽሕፈት ቤትዎ «በቅርቡ ትመለሳላችሁ» የሚል ቃል ከመጣ ወዲህ እግሬ አንድ ቦታ መርጋት ትቷል። የእጅ ጽሑፌ መሥመር ቢለቅብዎ ከዚህ የተነሣ ነውና ይቅርታዎን አይንፈጉኝ።

ጉዳዩን ረስተውት ከሆነ፣ መርሳት የትልቅ ሰው መብት ነውና፣ እኔው ላስታውስዎ። ከጽሕፈት ቤትዎ የተከራየነው ቤት የጎን ግድግዳው ወደ ጎረቤት ማዘንበል ሲጀምር «እስኪጠገን ድረስ ልቀቁ» ተባልንና እናቴና እኔ ቀላል ቀላሉን ዕቃ ይዘን እህቴ ዘንድ ገባን። ከባድ ከባዱ፣ ማለትም አልጋው፣ መደርደሪያው፣ ጠረጴዛውና የእናቴ ወንበር፣ እዚያው ቀረ። የፊቱን በር ቁልፍ ለግንበኞች ሰጠን፤ እነሱም ሲጨርሱ ለጽሕፈት ቤትዎ አስረከቡ። የጓሮውን በር ቁልፍ ግን የጠየቀን ስላልነበረ እናቴ አንገት ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እነዚህን ሁለት ቁልፎች በልብዎ ይያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

እናቴ ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ በቤታችን ውስጥ ግን ይህን ሳይነግሩት የሚያውቅ እንግዳ አልነበረም። ከአልጋዋ ተነሥታ እጇን ስትዘረጋ የወንበሯን ጀርባ ታገኛለች፤ ከወንበሩ ዞር ስትል መደርደሪያው አለ፤ ከመደርደሪያው ቀጥሎ የጓሮው በር መቃን፤ ከመቃኑ ወጣ ስትል ጠዋት ጸሐይ የሚያርፍበት ድንጋይ። ሻይ ታፈላለች፤ የሸሚዜን ቁልፍ ትተክላለች፤ ኮፍያዬን በተሳሳተው ምስማር ላይ የሰቀልኩ እንደሆነም ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ «አንተ ጎታታ፣ ያ የፎጣ ነው» ትለኛለች። የእህቴ ቤት ደግ ቤት ነው፤ ነገር ግን የልጆች ጫማ በየቦታው የተዘራበት፣ የእህቴ ባል ብስክሌት አንድ ቀን በር ሥር፣ አንድ ቀን አልጋ አጠገብ የሚያድርበት ቤት ነው። እዚያ እናቴ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ትቀመጣለች። ውኃ ለመጠጣት ሰው ትጠራለች፤ ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ የሰው ትከሻ ትይዛለች። አንድ ቀን እህቴን «ልጄ፣ የታወርኩት ገና አሁን ነው» አለቻት። እንግዲህ የእኔ መቸኮል ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። በቁጥር ከፋፍዬ ያቀረብኩት ቁጥር መጻፍ እንደምችል እግረ መንገዴን እንዲያዩልኝ ነው። በውስጡ ቅሬታ የሚመስል ነገር ካገኙ ጥፋቱ የአነባበብ ይሆናል።

፩. ግድግዳውን ስላስጠገኑልን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ቀጥ ብሏል፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር ግንኙነት ካላቸው ነገሮች ሁሉ እንደ እሱ ቀጥ ያለ አላየሁም። ግንበኞቹ መሣሪያቸውን ሰብስበው ከሄዱ በኋላ «የመመለሻ ፈቃድ በቅርቡ ይሰጣችኋል» ስንባል፣ እኔ በሙያዬ ቀልድ ስለማላውቅ በዚያው ዕለት ዕቃችንን በሙሉ ጠቅልዬ አሰርኩት። ድስቱን በብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱን በአንሶላ፣ አንሶላውን በገመድ። የእኔ ቋጠሮ ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚፈታ አይደለም። «በቅርቡ» ግን የጽሕፈት ቤትዎ «በቅርቡ» ኖሮ፣ ማንኪያ ባስፈለገን ቁጥር አልጋ ልብስ መፍታት፣ ካልሲ ባስፈለገኝ ቁጥር ድስት መክፈት ኑሯችን ሆነ። የእህቴ ባል፣ ጨዋ ሰው ነው፣ በየጠዋቱ በጥቅሎቹ ላይ እየተራመደ ሲወጣ «ክሬን፣ ዛሬ ነው ወይስ በቅርቡ?» ይለኛል። እኔም «ዛሬ በቅርቡ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም እንስቅ ነበር። አሁን በየተራ ነው የምንስቀው።

፪. ባዶ ቤት ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ ስላስተማሩኝም ምስጋናዬ የላቀ ነው። መቀመጥ ሲያቅተኝ፣ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት የእናቴን ቁልፍ ይዤ በጓሮው በር እየገባሁ ቤቱን ማሰናዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ዕቃችን ክፍሉ መሐል ተከምሮ፣ ላስቲክ ተከናንቦ፣ የኖራና የእርጥበት ሽታ አፍኖት፣ ሸረሪት ከመስኮት እስከ አምፖል ድሯን ዘርግታ አገኘሁት። የሰው ዕቃ ቤት ሳስገባ የኖርኩትን ሰውዬ የራሴ ቤት እንደማያውቀኝ ሰው አቀረቀረብኝ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ጠረግኩ፤ መስኮቱን ወለወልኩ፤ እርጥበቱ እንዲወጣ ምድጃውን ለኮስኩ።

እናቴ ግን አላመነችኝም። «አንተ ዕቃ መሸከም እንጂ ማስቀመጥ አታውቅም» ብላ ሲባጎ አስቆረጠችኝ፤ ከዚያም በእህቴ ቤት ወለል ላይ ቆማ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ የሌለውን ወንበር በአየር ላይ እየዳበሰች ሲባጎውን ቋጠረችው። የመጀመሪያው ቋጠሮ ከአልጋው ጫፍ እስከ ወንበሩ፣ ሁለተኛው ከወንበሩ እስከ መደርደሪያው መሆኑ ነው። እኔ በሆዴ እየሳቅኩ ተቀበልኳት። ወለሉ ላይ የተጋገረውን የኖራ አቧራ ስፈቀፍቅ ግን የወንበሩ እግሮች ለዓመታት ቆመውበት የጎደጎደው ቦታ ብቅ አለ፤ ሲባጎውን ከአልጋው ጫፍ ጀምሬ ብዘረጋው ቋጠሮው ልክ እዚያ ላይ ወደቀ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወንበሩን እንደ እንቁላል በቀስታ አስቀመጥኩት። ሲባጎውንም ሌላው ዕቃ እስኪስተካከል ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ ተውኩት።

፫. በማግስቱ ወንበሩ በቦታው አልነበረም። መስኮቱ ሥር ሄዶ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ፣ ዙሪያውን የለውዝ ቅርፊት አንጥፎ አገኘሁት። መለስኩት፤ ቅርፊቱን ጠረግኩ። በሌላው ቀን ደግሞ እንደዚያው። የፊቱ በር እንደተቆለፈ ነው፤ የጓሮው ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ጋኔን ለውዝ ይበላ ይሆን ብዬ ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ጓሮ ለጓሮ የምንዋሰነውን ልብስ ሰፊ ብጠይቃት ከስፌት መኪናዋ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ «በዚህ በኩል ከአንተ በቀር የገባ የለም» አለችኝ።

«ሌባ ነው እንግዲህ።»

«ምን ወሰደ?»

«ምንም።»

«ምን አመጣ?»

«ለውዝ።»

«ታዲያ ምን ሌባ ትለዋለህ፣ እንግዳ ነው እንጂ» ብላ ፔዳሏን ረገጠች።

፬. ለዚህኛው የሚሆን የምስጋና ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ፤ የማታው ትምህርት እዚያ ድረስ አልደረሰም ብለው ይለፉኝ።

ቤቱን አሰናድቼ ስጨርስ እናቴን ለሙከራ ወሰድኳት። ጠዋት ሁሉን አስተካክዬ ስለወጣሁ፣ ወንበሩም የሚሄደው በሌሊት ስለመሰለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ስንደርስ ቀድሜ ገብቼ አላየሁም። እንዲያውም ደረቴን ነፍቼ ጓሮው ላይ ቆምኩና እህቴን «አትንኪያት፣ ብቻዋን ትግባ» አልኳት። እናቴ መቃኑን ነካች። መደርደሪያውን ነካች። እግሯ ቤቱን አውቆት ፈጠነ፤ ጀርባዋ ቀና አለ፤ ነጠላዋን እንኳ ሰብሰብ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ጣል ስታደርጋት የድሮ እናቴ ነበረች። ከዚያ ዞር ብላ፣ ምንም ሳትዳብስ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በራሱ ቤት ማን ወንበር ዳብሶ ይቀመጣል?

ወንበሩ መስኮቱ ሥር ነበር።

አጥንት አልተሰበረም፤ ዳሌዋ ግን ጠቁሮ ሰንብቷል። ከወለሉ ስናነሣት አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። እጇን ወለሉ ላይ አሳርፋ የለውዝ ቅርፊት አገኘች፤ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችውና «ይሄ ቤት ሰው አለበት» አለች። «የእኔ ቤት አይደለም። መልሱኝ።» ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ ልማዷ «ምን ደረሰ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ቁልፏንም ከአንገቷ አውልቃ ለእህቴ ሰጠቻት።

፭. ሰፈሩን የሚያነቃ ማስታወቂያ በፊቱ በራችን ላይ ስላስለጠፉልን ደግሞ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሰው ተሰብስቦ ሲያነብ ደረስኩ። ሁሉም በልቡ ነበር የሚያነበው፤ ንባብ እንዲህ መባከኑ አንጀቴን በላኝና ወደ ፊት ገፋ ብዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ያለማንም እገዛ ያነበብኩት የመጀመሪያው የመንግሥት ወረቀት እርስዎ የጻፉት በመሆኑ እስከ ዕለተ ሞቴ እኮራለሁ። «ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ ለእድሳት በተለቀቀው በዚህ ቤት ውስጥ ያለ ፈቃድ ገብቶ በመገልገል ላይ መሆኑ በተደረገው ክትትል የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ግለሰቡ ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ የነባር ነዋሪዎቹ የመመለሻ ፈቃድ የታገደ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። ሳልደናቀፍ ነው የጨረስኩት፤ «እናስታውቃለን» ላይ እንዲያውም ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ።

ከዚያ ደሜ ፈላ። እናቴን የጣላት ሰው በማኅተም ተረጋገጠልኝ ማለት ነው። ሕዝቡ ፊት «ይህ እናት የሌለው!» ብዬ ጮህኩ። «የአሮጊት ወንበር ላይ የሚንደላቀቅ! ጆሮውን ይዤ ኃላፊው ፊት ካላቆምኩት ክሬን አትበሉኝ!» አንዱ መንገደኛ «ጎበዝ» ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ልብስ ሰፊዋም መርፌ አፏ ውስጥ እንደያዘች ጫጫታውን ሰምታ ዞራ መጥታ ነበር፤ እሷ ብቻ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተችኝ። ያን ጊዜ አድናቆት መስሎኝ ነበር።

፮. ተቆጣጣሪዎ ላሳዩኝ መስተንግዶ የማመሰግንበት ቃል ይለያል። በማግስቱ ምስክርነቴን ልሰጥ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ ማስታወቂያውን ያዘጋጁት እሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝና ጠረጴዛቸው ፊት ቆምኩ። እሳቸውም በትሕትና «ምን ምልክት አይተሃል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጌታዬ፣ ወንበሩ በየቀኑ ከቦታው ተነሥቶ መስኮት ሥር ይሄዳል» አልኳቸው። «ወለሉ ላይም የለውዝ ቅርፊት ይፈስሳል።»

ማኘካቸውን አቆሙ። ጠረጴዛቸው ላይ የነበረችውን ጥቅልል ወረቀት በክርናቸው ጋረድ አደረጓት።

«የእኛ ክትትል ያገኘው ሌላ ነው» አሉና ጉሮሯቸውን አጽድተው ቀጠሉ። «ወለሉ ተጠርጎ ይገኛል። መስኮቱ ተወልውሏል። ምድጃው ሞቆ ተገኝቷል። ወለሉ ላይ ቋጠሮ ያለው ሲባጎ ተዘርግቷል፤ ለምን ዓላማ እንደተዘረጋ በመጣራት ላይ ነው።»

አሁን አፌ እንደተከፈተ የቀረሁት እኔ ሆንኩ። እኔ ጠዋት በጓሮው በር፤ እሳቸው ከምሳ በኋላ በፊቱ በር። እኔ የእሳቸውን ቅርፊት እየጠረግኩ ሌባ ስጠብቅ፣ እሳቸው የጠረግኩትን እያዩ ሕገወጥ ሲከታተሉ። ከሁለታችን አንዱ ቀድሞ ቢስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ልስቅ ስል እናቴ ትዝ አለችኝ፤ እሳቸው ሊስቁ ሲሉ የእርስዎ በር ክፍት ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ያልታወቀው ግለሰብ እኔ ነኝ። ቤቴን እያሰናዳሁ ነበር። ይኸው ታወቅኩ፤ እገዳውን ያንሡልን።»

«አንተማ የታወቅክ ነዋሪ ነህ» አሉኝ። «እገዳው የሚነሣው ያልታወቀው ሲወጣ ነው።»

«ወጥቻለኋ! እርስዎ ፊት ቆሜ!»

«አንተ ወጣህ። እሱ መውጣቱን በምን እናውቃለን?»

«ለውዙስ?»

«ለውዙ በክትትሉ አልተካተተም።»

ክቡርነትዎ፣ በሙያዬ የማይወጣ የሚመስል ሶፋ በጠባብ ደረጃ አውጥቼ አውቃለሁ፤ ጎኑን ማዞር፣ እግሩን መፍታት፣ ተንፍሶ እንደገና መሞከር ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። በየትኛውም ጎኑ ባዞረው በር ላይ ይያዛል።

ተቆጣጣሪውን አልጠላኋቸውም፤ ይህን ለእርስዎም ለእሳቸውም በግልጽ እናገራለሁ። እግሩ የደከመ ሰው ባዶ ቤት ጠብቅ ተብሎ ቢላክና ደህና ወንበር ቢያገኝ፣ ጸጥታ ቢያገኝ፣ መንገድ የሚያሳይ መስኮት ቢያገኝ፣ ቢቀመጥ ምን ይደንቃል? ሰሞኑን እኔም የምመኘው ይህንኑ ነው። ግን ሲነሡ ወንበሩን ወደ ቦታው መመለስ ምን ያህል ጉልበት ይፈልግ ነበር?

፯. በኮሪደርዎ ጫፍ ላይ ያለችውን ወንበር ባነሣስ? ፋይል ተከምሮባት፣ «መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። ማንበብ ሳልችል ፋይሉን ገፋ አድርጌ እቀመጥባት ነበር። አሁን ማንበብ ቻልኩና ቆምኩ። ለትምህርት ያለኝ አድናቆት እዚያች ወንበር ፊት ትንሽ ቀዝቀዝ ማለቱን አልሸሽግዎትም።

እንግዲህ በዚያ ሁኔታ ወደ እህቴ ቤት ስመለስ ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኝ ሰፈሩን ዞርኩት፤ በራፉ ላይ ደርሼ ተመለስኩ፤ ደግሞ ዞርኩ። በመጨረሻ ገባሁና ከአንድ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ ማስታወቂያውን እንዴት አሳምሬ እንዳነበብኩ ሳይቀር። «እናት የሌለው» ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ማንን ነው እናት የሌለው ያልከው?»

«ያልታወቀውን ግለሰብ።»

«እሱም አንተ ነህ።»

«አዎ።»

«በሕዝብ ፊት ገደልከኛ!» አለችና ሳቀች። ክቡርነትዎ፣ ከዚያ ቤት ከወጣን ወዲህ እናቴ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም፤ እህቴ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ሮጣ መጣች። የእህቴ ባልም ብስክሌቱን ወለሉ መሐል ጥሎ መጣ፤ ይህንንም ማንም አልተቆጣውም።

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረግ አደረገችና «ሰውዬው መስኮት ሥር ምን ያያል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«መንገድ ነዋ።»

«አይ ሞኝ! ጸሐዩ እኮ በጓሮ በኩል ነው» አለች። ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር ዝግ ብላ፣ «እንግዲያስ ቤቱ ሰው አልነበረበትም። ልጄና አንድ ደካማ ናቸው» አለች። እጇንም ወደ እህቴ ዘርግታ ቁልፏን ተቀበለች።

አንገቷ ላይም መልሳ አሰረችው። ከዚያ ሲባጎዋን ጠየቀችኝ። በመጣራት ላይ መሆኑን ብነግራት «ሌላ ቁረጥ» አለችኝ። ይህን መሥመር ስጽፍልዎ እናቴ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ክንዷን ዘርግታ አየሩን እየለካች ነው። ቅድም የመጀመሪያውን ቋጠሮ ቋጥራለች። እኔም ለዚህ ነው ቁጭ ብድግ የምለው፤ የተቀመጥኩበት ፍራሽ ነገ የሚጫነው የመጀመሪያው ጥቅል ስለሆነ ከአሁኑ ከሥሬ ሊነሣ የሚታገል ይመስለኛል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የማስታውቅዎ፣ ነገ ጠዋት ዕቃችንን ይዘን በጓሮው በር የምንገባ መሆናችንን ነው። በፊቱ በር ላይ ያለው ማስታወቂያዎ አይነካም፤ እንዲያውም ጫፉ ስለተላጠ በሙጫ አጣብቄልዎታለሁ። ያልታወቀው ግለሰብ እውን በቤቱ ውስጥ ካለ አይስጉ፤ እናቴ ቤቷ ውስጥ የማይገባ ነገር በእጇ ሳታገኝ ውላ አታውቅም፤ ራሷ ታስወጣዋለች። ከእርስዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ሌላው ፈቃድ «በቅርቡ» እንዳይሆንብኝ አደራ። ከነገ ወዲያ ወደዚያ ቤት የሚልኩት ማንም ሰው፣ ተቆጣጣሪም ይሁን ግንበኛ ወይም እርስዎ ራስዎ፣ ሲገባ «ማን ልበል?» እስኪባል በር ላይ ቆሞ ድምፁን ያሰማ፤ ከገባም በኋላ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ወንበር በጣቱ እንኳ አይንካ። እሱ ወንበር የእናቴ ዓይን ነው። ሌላውን ሁሉ እንዳሻችሁ አግዱት።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለፋይላችን ደግሞ ሰላማዊ እረፍት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ለመጎንበስ እንኳ የሙያ ልምድ አለኝ፣ እሰናበትዎታለሁ። ስሜን መጻፍ አሁን አሳምሬ እችላለሁ፤ ብጽፈው ግን የታወቅኩ ሆኜ ማስታወቂያዎ ባለቤት እንዳያጣ ስለፈራሁ ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ።

አክባሪዎ፣
የቁም ሣጥን ወዳጅ፣ የማታ ትምህርት ቤት ፍሬ፣ ባለ እናቱ

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን (ከመጀመሪያው አውቃ ዝም ስላለችኝ)
ለእህቴ ባል (ዛሬም በቅርቡም አይደለም፤ ነገ ነው)
ለፊቱ በራችን (ከማስታወቂያዎ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ ማንበብ ለሚከብደው ሰው እኔው ቆሜ አነብለታለሁ)

ማሳሰቢያ፦ ተቆጣጣሪው ከምሳ በኋላ ማረፊያ እንዳያጡ መስኮቱ ሥር ለእሳቸው የሚሆን ወንበር አዘጋጅተናል፤ በር አንኳኩተው ይግቡ፣ ቅርፊቱን ብቻ ይዘው ይውጡ፤ እናቴ ሻይ ታፈላላቸዋለች። ወንበሯ ያው ከኮሪደርዎ ጫፍ የነበረችው ናት። ፋይሎቹን በሥርዓት ወለሉ ላይ ደርድሬ፣ «መቀመጥ ክልክል ነው» የሚለውን ወረቀት በላያቸው አኑሬ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ በዋናው በር ስወጣ ዘበኛዎ በሩን ይዘው «ቀስ በል፣ እንዳይነካብህ» ብለውኛልና እግዜር ይስጥልኝ። ማን ወሰዳት ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ መሆኑ በክትትል ተረጋግጧል ይበሉልኝ።